ንጉሠ ጎጃም ወከፋ

«ንጉሠ ጎጃም ወከፋ»፣ ማለትም የጎጃምና የከፋ ንጉሥ፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በጥር 1873 ዓ.ም. ለራስ አዳል ተሰማ የሰጡት ማዕረግ ነው። አዳል ከዚያ ወዲህ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ጎጃም የአያቶቻቸው ርስት ነው፤ ከፋ ግን ከዓባይ ማዶ ርቆ የሚገኝ፣ ገና በጦር የሚቀና አገር ነበር።

የአዳል ቤት አንድ ጊዜ ፈርሶ የተነሣ ቤት ነው። አያታቸው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ የሆኑትን ካሳ ኃይሉን በወጣትነታቸው ያስጠጉ ጌታ ነበሩ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ በዚያው በካሳ ጦር ተሸንፈው ወደቁ። ልጃቸው ብሩ ጎሹም በ1846 ተይዘው ታሰሩ። ከዚያ ወዲያ በጎጃም ቴዎድሮስን ሲቋቋሙ የኖሩት የመንቆረሩ ተድላ ጓሉ ናቸው። አዳል ከቴዎድሮስ በኋላ የነገሡትን የአፄ ተክለ ጊዮርጊስን እህት ወይዘሮ ላቀችን አገቡ፤ የተድላን ልጅ ደስታንም ድል ነሥተው የአያታቸውን ወንበር መለሱ።

ከዓባይ ማዶ ማየት አዲስ ነገር አልነበረም። የከፋና የእናርያ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ከዓባይ በስተደቡብ ባለው በጉዱሩ በኩል መጥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ባሶ የጁቤ ገበያ ላይ ይራገፍ ነበር። ማዶውን የያዘ የንግዱን በር ይይዛል። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይህን አላጡትም፤ ራስ ጎበና ዳጬን ወደዚያው ልከው ግብር ያስገብሩ ነበር። የሸዋ ጸሐፊዎች የጎጃም ጦር በጎበና ግዛት ገባ ይላሉ። ጎጃሜው ግን ከፋ በንጉሠ ነገሥቱ ቃል ለተክለ ሃይማኖት የተሰጠ ነው ብሎ ይመልሳል፤ ማዕረጉም ምስክር ነው።

ግንቦት 1874 ላይ፣ ክረምቱ ሊገባና ዓባይ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሁለቱ ጦሮች ከዓባይ ማዶ እምባቦ ላይ ተገናኙ። የጎጃም ሰው በጀግንነት ተዋጋ፤ የጎበና ፈረሰኛ ግን ውጊያውን ወደ ሸዋ አዘነበለው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ፤ ምኒልክም ቁስላቸውን አሳከሙላቸው። «ጎጃም ወከፋ» ከተባለ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሞላም ነበር።

ዮሐንስ ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ተክለ ሃይማኖት ወደ ጎጃም ተመለሱ፤ በ1880 ሣር ውኃ ላይ በድርቡሽ፣ በሱዳን መሐዲስቶች ጦር፣ ተሸነፉ፤ በ1888 ዓድዋ ላይ ከምኒልክ ጋር ዘመቱ። ከፋን በ1890 መባቻ ያስገበሩት የምኒልኩ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው።

ተክለ ሃይማኖት በጥር 1893 ዓ.ም. ዐረፉ። መንቆረር ዛሬ የምትጠራው እርሳቸው ባሠሩት የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም፣ ደብረ ማርቆስ ተብላ ነው።