አሮጌ ዴስክቶፕን ማፍጠን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሲያረጅ ሁሉም ክፍሉ እኩል አይደክምም። ብዙውን ጊዜ አንዱ ወደ ኋላ ይቀርና ሌሎቹ እሱን ሲጠብቁ ይውላሉ። ገንዘብ የሚባክነው ያ አንዱ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ሌላ ዕቃ ሲገዛ ነው።

መለየቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ እያያችሁ የዘወትር ሥራችሁን ለጥቂት ደቂቃ ሥሩ። መጀመሪያ ራሙን (ክፍት ፕሮግራሞች የሚቀመጡበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ተመልከቱ። ከ85 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ቢደርስም ዲስኩን ለመወንጀል አትቸኩሉ፤ ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ስለሚያወርድ ዲስኩን የሚያጨናንቀው ራሙ ሊሆን ይችላል። ራሙ ግማሽ ያህሉ ባዶ ሆኖ፣ ፕሮሰሰሩም 15 በመቶ ላይ እያለ ዲስኩ ብቻ 100 ላይ ከተለጠፈ ግን ጥፋቱ የዲስኩ ነው።

«ራም ከተጨመረ ኮምፒውተር ይፈጥናል»

የሚፈጥነው ራም ያነሰው ኮምፒውተር ነው። 8 ጊጋባይት ካለው ማሽን ላይ ሥራ በበዛበት ሰዓት 4ቱ ብቻ ከተያዘ፣ ወደ 16 ማሳደጉ የሚታይ ለውጥ አያመጣም። 4 ጊጋባይት ይዞ ብሮውዘር ላይ ብዙ ገጽ ለሚከፍት ሰው ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ዊንዶውሱ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ ብትጨምሩለትም ትርፉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት የራም ትውልዶች አይተካኩም፤ አንዱ 240፣ ሌላው 288 የመገናኛ ነጥብ ሲኖረው መሃል ያለው ስንጥቅም ቦታው ይለያያል። አልገባም ያለን ራም በጉልበት መጫን ማስገቢያውን ይሰብራል። ሦስተኛ፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ሰሌዳ) የሚቀበለው የራም መጠን ጣሪያ አለው፤ በማዘርቦርዱ ሞዴል ቁጥር መመሪያውን ፈልጋችሁ እዩ።

ከአንድ 8 ጊጋባይት ይልቅ ሁለት ባለ 4 ይሻላል፤ ማዘርቦርዱ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነባቸዋል። አራት ማስገቢያ ባላቸው ማዘርቦርዶች ብዙውን ጊዜ ጥንዶቹ የሚገቡት ከፕሮሰሰሩ ተቆጥሮ 2ኛውና 4ኛው ላይ ነው። ሲገባ ጫፎቹ ላይ ያሉት መያዣዎች «ቀጭ» ብለው መዘጋት አለባቸው። ራም ተጨምሮ ማሽኑ እንቢ ካለ፣ ወይም እየጮኸ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ፣ ከመበሳጨት በፊት አውጥቶ እንደገና በደንብ ማስገባት ነው፤ ብዙው ችግር እዚያው ያልቃል።

«ማዘርቦርዱ አሮጌ ስለሆነ ኤስኤስዲ ቢገባለትም ዋጋ የለውም»

ከሁሉም በላይ ሰዎችን የሚጎዳው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አሮጌ ማሽንን በአንድ ዕቃ የሚለውጥ ነገር ቢኖር በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባው ማከማቻ፣ ኤስኤስዲ ነው።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ሳህን በደቂቃ 7200 ጊዜ ይሽከረከራል። አንድ ዙር 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። የሚያነበው ክንድ ወደ ቦታው ሄዶ ሳህኑ እስኪዞርለት ሲጠብቅ፣ ለአንዲት ትንሽ ፋይል 12 ሚሊሰከንድ ያህል ይሄዳል፤ በሰከንድ መቶ ፋይል እንኳ በቅጡ አይሞላም። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚፈልገው በየቦታው የተበተኑ ሺህ ትንንሽ ፋይሎችን ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው አንዷን ፋይል በ0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ያገኛታል። የድሮው ባለ 3 ጊጋቢት ሳታ ማስገቢያ (ዲስክን ከማዘርቦርድ የሚያገናኘው) ትልልቅ ፋይል ሲገለበጥ ፍጥነቱን በሰከንድ 280 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይገድባል፤ በአዲሱ ባለ 6 ጊጋቢት 550 ገደማ ይደርሳል። የዕለት ሥራን የሚያቀለው ግን ትንንሾቹን ቶሎ ማግኘቱ ስለሆነ፣ በአሮጌውም ማስገቢያ ጥቅሙ አብዛኛው አይቀርም።

አገባቡ እንዲህ ነው። ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ከዚያ ወይ ዊንዶውስን በአዲሱ ላይ ከባዶ ጫኑ (ምርጫው ለእኛ ይህ ነው)፣ ወይ የድሮውን እንዳለ አዛውሩ። የምታዛውሩ ከሆነ፣ ሲያልቅ አሮጌውን ዲስክ ነቅላችሁ በኤስኤስዲው ብቻ አንዴ አስነሱ፤ ሁለቱ መንታ ሆነው አብረው ከተነሱ ዊንዶውስ ይደናገራል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) ውስጥ የሳታ አሠራሩ አይዲኢ ላይ ከሆነ ወደ ኤኤችሲአይ መዞር አለበት፤ ይህ ግን ከመጫኑ በፊት ነው። የተጫነ ዊንዶውስ እያለ ዝም ብሎ ከተለወጠ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ስለዚህ ከመለወጣችሁ በፊት በኤምኤስኮንፊግ (የዊንዶውስ አነሳስ ማስተካከያ) ሴፍ ቡትን ምረጡ፣ ባዮሱን ለውጡ፣ በሴፍ ሞድ ይነሳ፣ ከዚያ ምርጫውን መልሱት።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት በካርድ በኩል አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሊገባ ይችላል፤ ብዙ የቆዩ ባዮሶች ግን ከእሱ ማስነሳትን አያውቁም። ለእነዚህ ባለ 2.5 ኢንቹ የሳታ ኤስኤስዲ ይበቃል።

«ፎርማት ሲደረግ እንደ አዲስ ይሆናል»

የተከማቸ ፕሮግራም ከሆነ ያዘገየው፣ አዎ፣ ይቀለዋል። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ግን ፎርማት አያድነውም። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱና የዲስኩን ጤና እዩ፤ ቢጫ ካሳየ ፎርማቱን ትታችሁ ፋይላችሁን አውጡ። «ኮምፒውተር አፍጣኝ» እየተባሉ ስለሚወርዱት ፕሮግራሞች ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ራሳቸው ራም ይበላሉ።

«ሶኬቱ ከገጠመ ፕሮሰሰሩ ይሠራል»

አይደለም። ኤልጂኤ 1151 የሚባለው የኢንቴል ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) ጥሩ ምሳሌ ነው፦ 6ኛውና 7ኛው ትውልድም፣ 8ኛውና 9ኛውም በዚያው ስም ይጠራሉ፤ የአንዱ ጥንድ ፕሮሰሰር ግን በሌላው ጥንድ ማዘርቦርድ ላይ አይሠራም። መመዘኛው ማዘርቦርዱ የሚደግፋቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ላይም የሚያስፈልገው የባዮስ ቁጥር ይጻፋል። ባዮሱ የሚታደሰው አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል ነው፤ አዲሱን አስገብታችሁ ልታድሱ ብትሉ ማሽኑ ላይነሳላችሁ ይችላል። እድሳቱ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል ዩፒኤስ ያለበት ቦታ ሥሩት።

«ግራፊክስ ካርድ ሁሉንም ነገር ያፈጥናል»

ለጌም፣ ለቪዲዮ ቅንብርና ለሦስት ገጽታ ንድፍ ነው። ወርድና ኤክሴል ምንም አይጨምርላቸውም። የሚጠቅማችሁ ከሆነም መጀመሪያ የሚታየው ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ነው። ማስገቢያው ራሱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒን ገመድ 75፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ይጨምራል። ለቢሮ ተገጣጥመው የሚመጡ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ ይህ ተጨማሪ ገመድ የላቸውም፤ ለእነሱ ከማስገቢያው ብቻ የሚሠራ ካርድ ምረጡ፣ ኬዙ ጠባብ ከሆነም አጭሩን። ጌም ሲከፈት ብቻ ድንገት የሚጠፋ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ቫይረስ ሳይሆን የኃይል እጥረት ነው።

«አቧራ መልክ ነው የሚያበላሸው»

ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ የተጠጋ ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ገመዱን ነቅላችሁ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፣ የኬዙን ብረት ንኩ፣ ከዚያ አቧራውን በአየር አራግፉ፤ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስት) ከደረቀ በአልኮል ጠርጋችሁ አዲስ፣ አተር የምታህል ብቻ የፕሮሰሰሩ መሃል ላይ አድርጉ። የኤኤምዲ ማሽን ከሆነ ማቀዝቀዣውን ከማንሳታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ጥቂት አሞቁት፣ ሲነሳም ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን እያዞራችሁ አላቅቁት፤ የደረቀው ፔስት ፕሮሰሰሩን ከነፒኖቹ ከሶኬቱ መዞ ሊያወጣው ይችላል።

«ካሻሻልኩት ዊንዶውስ 11 ይቀበላል»

ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ፍጥነት ብቻ አይደለም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል እና፣ ከኢንቴል ከሆነ፣ በአብዛኛው 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የሆነ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ ራምና ኤስኤስዲ ይህን አይተኩም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማሽኑ መስፈርቱን የማያሟላ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት የሚባለው በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሥርዓት ብዙውን ጊዜ ያለ ችግር ይሄድበታል። ዲስኩን ሳትነኩ በፍላሽ አስነስታችሁ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን እዩ፤ ዕቃውን የምትገዙት ከዚያ በኋላ ነው።