የወገብ ሒሳብ፦ በጎንደር በሥራ ላይ የሚደርስ የጡንቻና የአጥንት ጉዳትን መከላከል

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ እህል የጫነ አይሱዙ ሲቆም ሁለት ሰዎች ከላይ ሆነው ጆንያውን ግራና ቀኝ ይይዙና ከታች ጎንበስ ብሎ በሚጠብቀው ተሸካሚ ጀርባ ላይ ያሳርፉታል። ተሸካሚው ጉልበቱ አንዴ ሸብረክ ይልና ቀና ብሎ ወደ መጋዘኑ በፈጣን እርምጃ ይገሰግሳል፤ በመሐል ቆም ማለት ከመሄድ ይከብዳልና። ሸክሙ አንድ ኩንታል፣ 100 ኪሎ ግራም ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ግን በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአንድ አዋቂ ወንድ ሸክም ያስቀመጠው ጣሪያ 55 ኪሎ ነው።

የጡንቻ፣ የጅማት፣ የመገጣጠሚያና የአጥንት ጉዳት አንዳንዴ በቅጽበት ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጠራቀማል። የሚያገኘውም ተሸካሚን ብቻ አይደለም። በግንባታ ቦታ ባሬላ የሚሸከሙ የቀን ሠራተኞች፣ ቀኑን ሙሉ በመርፌ ላይ የሚያቀረቅሩ ልብስ ሰፊዎች፣ ሕመምተኛ የሚያነሡ ነርሶች ሁሉ ወገባቸውንና ትከሻቸውን ያማቸዋል። በ1954 እ.ኤ.አ. በጤና ኮሌጅነት የጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የከተማዋን መምህራንና ልብስ ሰፊዎች ሕመም አጥንተዋል።

ወጪውን ለማስላት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጥሩ መነሻ ነው። በሥራ ላይ ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ለተከታዮቹ ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈለዋል። ሠራተኛው ዓመቱን ሙሉ መሥራት ካልቻለ ሲደመር ቢያንስ የ8.25 ወር ደመወዝ ያለ አንዳች ሥራ ይወጣል ማለት ነው። ሕክምናውና የተተኪው ሠራተኛ ክፍያ ገና አልተቆጠሩም። ከዚህ አንጻር የእጅ ጋሪ መግዛት፣ ወይም መጋዘኑ በር ላይ በደረጃ ፈንታ ዘንበል ያለ መሸጋገሪያ ማሠራት ውድ ነው የሚል ነጋዴ ሒሳቡን በደንብ አልሠራም።

ወይም ደግሞ ለራሱ በሚገባ ሠርቶታል። ከኩንታሉ በታች የሚሮጠው ሰው በአብዛኛው የማንም ቅጥር አይደለም፤ በኩንታል ሒሳብ ተከፍሎት ይሄዳል። ወገቡ ሲያዝ ወጌሻውን የሚከፍለው እሱ፣ በባዶ ኪስ ወደ ቤት የሚገባው እሱ ነው። ቅጥር ቢሆንም እንኳ ለዓመታት የተጠራቀመ ሕመም ከሥራው የመጣ ስለመሆኑ ማስረዳት ቀላል አይደለም። መሣሪያውን የሚገዛው ኪስና በመሣሪያው የሚተርፈው ኪስ ሲለያዩ ጋሪው ሳይገዛ ይቀራል።

ርካሽ የሆነው መከላከያ ሁሉ አዋጭ ነው ማለትም አይደለም። «ጉልበታችሁን አጥፋችሁ አንሡ» የሚል ሥልጠና ለብቻው የወገብ ሕመምን ሲቀንስ ጥናቶች አላሳዩም፤ የወገብ ቀበቶም እንዲሁ። የሚያዋጣው ሸክሙን ራሱን መለወጥ ነው። ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ከረጢት ይመጣል፤ እህሉስ ለምን አይመጣም? እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃዋሚ ራሱ ተሸካሚው ሊሆን ይችላል፤ ክፍያው በኩንታል እስከሆነ ድረስ ግማሽ ጆንያ ማለት ለዚያው ገንዘብ ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው።