የስፌት ክር በቆዳ ላይ ብቅ ማለት ምንድን ነው?

ከጡት ቀዶ ጥገና በኋላ ቁስሉ ደርቆ፣ ፋሻው ተነሥቶ፣ ሁሉም ነገር ያለፈ በመሰለበት ሰዓት በጠባሳው መስመር ላይ ብጉር የመሰለች እብጠት ልትወጣና ስትፈርጥ ነጭ ወይም ወይን ጠጅ ክር ልታሳይ ትችላለች። ይህ ከውስጥ የተሰፋው ክር ሟሙቶ ሳያልቅ ቆዳውን በስቶ መውጣቱ ነው። አንዳንዴ ከዓይን በፊት ጣት ያገኘዋል፤ ሴትየዋ ገላዋን ስትታጠብ እንደ ዓሣ አጥንት ጫፍ የሚቆረቁር ነገር ይነካታል፣ ወይም የነጠላዋ ጥለት ይያዝባታል።

ሐኪሙ ቁስሉን የሚዘጋው በአንድ ረድፍ ስፌት ብቻ አይደለም። ላይኛው ቆዳ ሳይወጠር እንዲገጥም ከሥሩ ያለውን ክፍል በሚሟሟ ክር ይሰፋዋል፤ ይህም ክር በሰውነት ውስጥ ባለው ውሃ አማካይነት ቀስ በቀስ እየተሰባበረ ይጠፋል። ቪክሪል የሚባለው ክር ለዚህ ከ56 እስከ 70 ቀን ያህል ሲፈልግ፣ ፒዲኤስ የሚባለው ግን ስድስት ወር ገደማ ይቆያል። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ቋጠሮው ነው፤ ክሩ የተደራረበበት ስለሆነ ቶሎ አያልቅም፣ ለቆዳው ከቀረበም ሰውነት እንደ ተሰካ እሾህ ቆጥሮ ዙሪያውን እያቆጣ ወደ ላይ ይገፋዋል። በዚህ ምክንያት የሚወጣው ጥቂት መግል ሁልጊዜ የጀርም ምልክት አይደለም።

ነገሩ በአብዛኛው የሚታየው ከቀዶ ጥገናው ሁለት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው። ጅማ ታክማ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ የተመለሰች ሴት ክሩን የምታየው ከሐኪሟ ርቃ፣ ምናልባትም ቀጠሮዋ ካለፈ በኋላ ነው፤ «ካንሰሩ ተመለሰብኝ» ብላ ብትደነግጥ አይፈረድባትም።

እሾህ በወረንጦ ማውጣት ልማዳችን ስለሆነ እጅ ወዲያው ወደ ክሩ ይሄዳል፤ ነገር ግን ውስጥ ያለው ክር ገና ሥጋውን ይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ሲጎተትም ተበጥሶ ቋጠሮው ሊቀርና ቆሻሻ ሊገባ ስለሚችል፣ በቤት ውስጥ መሳብ አይገባም። ቡና ለጅማ ሰው የማይገባበት ጉዳይ ባይኖርም፣ የተወቀጠ ቡና በዚህች ቀዳዳ ላይ መነስነስ የለበትም፤ ቅቤም እንዲሁ። ቦታውን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ በንጹሕ የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ (ጎዝ) ሸፍኖ ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ይበቃል። ባለሙያው ከጀርም በጸዳ መቆንጠጫ ቋጠሮውን ከፍ አድርጎ፣ ከሥሩ ቆርጦ ያወጣዋል፤ ሥራው የደቂቃዎች ነው፣ ቀዳዳዋም ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ትገጥማለች። ኢንፌክሽን ከሌለ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ትርፉ ወጪ ነው።

መቅላቱ ዙሪያውን ከተስፋፋ፣ ቦታው ከተኮሰ፣ መግሉ ከሸተተ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁስሉ ከተከፈተ ግን ያን ቀን መታየት ያስፈልጋል፤ በተለይ ኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ላይ ያለች ወይም በጡቷ ምትክ ሲሊኮን የተገባላት ሴት ለነገ ማለት የለባትም። ክር የማይታይበት፣ ሳምንታት ቆይቶ የማይጠፋ ጠንካራ እብጠትም በሐኪም መመርመር አለበት፤ ካንሰር አንዳንዴ በጠባሳው ላይ ሊመለስ ይችላልና። ስትሄድ ከሆስፒታል ስትወጣ የተሰጣትን ወረቀት ብትይዝ መልካም ነው፤ ቀዶ ጥገናው ስንት ሳምንት እንደሆነው፣ ከተጻፈም የክሩ ዓይነት፣ ለባለሙያው መነሻ ይሆነዋል።