ባሕር ሲበከል ማን ይጠራል? የባሕር ነዳጅ ቁፋሮና የጎረቤት አገሮች ውል፣ ከጣርማበር ሲታይ

ጣርማበር ላይ ቆሞ ዝናብ የሚያይ ሰው ውኃው ለሁለት ሲከፈል ያያል። በምሥራቅ ገደሉን ይዞ የሚወርደው በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት አድርጎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። አፋር ምድርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። የምዕራቡ ውኃ ግን ሩቅ ሄያጅ ነው። ደብረ ብርሃንን አልፎ የሚሄደው በሬሳ ወደ ጀማ ይወርዳል። ጀማ ዓባይን ይቀላቀላል፣ ዓባይ ደግሞ ሜዲትራኒያን ይገባል። ሰሜን ሸዋ ከባሕር የራቀ ደጋ ነው ስንል ይህን አንርሳ። ወፍጮ ቤቱን የሚያዞረው፣ አይሱዙውን የሚነዳው ናፍጣም ቢሆን የሚመጣልን በባሕር ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ባሕር ነው። የባሕር ወለል ተቆፍሮ ነዳጅ ሲወጣ የሚደርሰውን ብክለት ጎረቤት አገሮች አንድ ላይ ሆነው እንዴት እንደሚከላከሉት፣ አደጋ ሲደርስም እንዴት እንደሚረዳዱ ይዳስሳል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ብክለቱ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ፍንዳታ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከቁጥጥር ሲያመልጥ ዘይቱና ጋዙ ፈንቅሎ ይወጣል። ኤፕሪል 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የቁፋሮ መድረክ ላይ የሆነው ይኸው ነው። 11 ሠራተኞች ሞቱ። የጉድጓዱ አፍ ከባሕሩ ገጽ 1,500 ሜትር ገደማ ወደ ታች ስለነበር ፍሰቱን ለማቆም 87 ቀን ፈጀ።

ድምፅ የሌለው ብክለትም አለ። ከነዳጁ ጋር ከምድር ሥር ጨዋማ ውኃ አብሮ ይወጣል። ይህ ውኃ ተጣርቶ ወደ ባሕር ሲመለስ የተወሰነ ቅባት ይዞ ይሄዳል። መሰርሰሪያውን የሚያቀዘቅዘውና የተፈጨውን ድንጋይ ወደ ላይ የሚያወጣው ፈሳሽም አለ፤ የሙያው ሰዎች ጭቃ ይሉታል። አንዳንዱ ጭቃ ዘይት የተቀላቀለበት ነው። አገልግሎቱን ጨርሶ ባሕር መሀል ተገትሮ የቀረ የብረት መድረክም ሌላ ጣጣ ነው።

ዘይት ውኃ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ባሕር ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ክረምት ደብረ ሲና ዳገት ላይ አንድ ቦቴ ከመንገድ ወጥቶ ሆዱ ተቀድዶ አይቻለሁ። ጉሙ እጅህን አያሳይም። ናፍጣው በቦዩ ወርዶ ታች ያለች ምንጭ ውስጥ ገባ። ውኃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ሽፋን ተነጠፈ። የአንድ አባወራ ጥማድ በሬዎች እንደ ልማዳቸው ሊጠጡ አጎነበሱ፣ አሸተቱ፣ ወደ ኋላ አሉ። ረዳቱ ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ይፈልጋል። ሰውየው ደግሞ «አሁን ማን ይጠራል? ይህንንስ ማን ይጠርገዋል? የከብቶቼንስ ማን ይከፍለኛል?» እያለ ይጠይቃል። የሚመልስለት አልነበረም። ስለ ባሕር ስምምነቶች ሳነብ ሁሌ የሚመጡብኝ እነዚያ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። አንድ ውል ይረባል አይረባም የምለውም ለሦስቱ ባለው መልስ ነው።

ዓለም አቀፉ ሕግ መሠረቱን ጥሏል። የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት፣ በአንቀጽ 208፣ ባለ ባሕር አገሮች ከባሕር ወለል ሥራ የሚመጣን ብክለት የሚከላከል ሕግ እንዲያወጡና ፖሊሲያቸውን በየቀጣናቸው እንዲያቀራርቡ ያዝዛል። በ1990 የተፈረመውና በ1995 ሥራ ላይ የዋለው የነዳጅ ብክለት ዝግጁነትና ትብብር ስምምነት ደግሞ የቁፋሮ መድረኮች የአደጋ ጊዜ ዕቅድ እንዲኖራቸው፣ አደጋ ሲያዩም ሳይዘገዩ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ክፍያው ላይ ግን ቀዳዳ አለ። ነዳጅ ጫኝ መርከብ ዘይት ቢያፈስ ካሳውን የሚመራ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ተዘርግቷል። ጉድጓድ ቢፈነዳ ግን እንዲህ ያለ ዓለም አቀፍ ውል የለም። የቀጣና ስምምነት አስፈላጊ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የበሬሳ ውኃ የሚያርፍበት ሜዲትራኒያን ጠንካራ የውል ጽሑፍ ካላቸው ባሕሮች አንዱ ነው። በዙሪያው ያሉ አገሮች በ1976 ባርሴሎና ላይ ባሕሩን ለመጠበቅ ተፈራረሙ። በዚያው ዓመት ማልታ ላይ የነዳጅ አደጋ ማስተባበሪያ ማዕከል ተቋቋመ፤ ዛሬ ሬምፔክ ይባላል። ለባሕር ቁፋሮ ለብቻው የተጻፈው ፕሮቶኮል፣ ማለትም የስምምነቱ ተጨማሪ ውል፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1994 ማድሪድ ላይ ተፈረመ።

ፕሮቶኮሉ ከፈቃድ ይጀምራል። ያለ አገሩ ባለ ሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ የሚቆፍር የለም። ፈቃድ ጠያቂው ሥራው በአካባቢው ላይ የሚያመጣውን ጉዳት አስቀድሞ ያስጠናል፣ የአደጋ ዕቅዱን ያቀርባል፣ ኢንሹራንስ ወይም ሌላ ዋስትና ያሳያል። ለመንዝ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የጓሳ ሣር ቄሮ በተባለው የአካባቢው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠበቀው መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚያጭድ አስቀድሞ እየተወሰነ ነው። ያ ሥርዓት በ1975ቱ የመሬት አዋጅ እስኪቀር ድረስ ማንም ማጭዱን ይዞ እንደፈለገ አይገባም ነበር።

ከዚያ ቁጥር ይመጣል። ከጉድጓዱ ጋር የሚወጣው ውኃ ወደ ባሕር ሲለቀቅ የቅባቱ መጠን በወር አማካይ በአንድ ሊትር ከ40 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ በምንም ጊዜ ደግሞ ከ100 እንዳያልፍ ታዝዟል። በ20 ሊትር ጀሪካን ብናስበው 800 ሚሊግራም ነው፤ አንድ ግራም አይሞላም። ትንሽ ይመስላል። መድረኩ በየቀኑ የሚለቀው ውኃ ግን በጀሪካን የሚቆጠር አይደለም። መድረኩ ሥራውን ሲጨርስም ባለቤቱ እንዲያነሳው ፕሮቶኮሉ ያስገድዳል።

አደጋ ሲደርስ ቆፋሪው ወዲያው ለመንግሥቱ ይናገራል። ጉዳቱ ወደ ሌላ አገር የሚሻገር ከሆነ መንግሥቱ ለጎረቤቶቹ ያሳውቃል። እርዳታ የፈለገ አገር በቀጥታ ወይም በሬምፔክ በኩል ይጠይቃል፤ የተጠየቀው የሚችለውን ያደርጋል። ወንፈል ማለት ነው። ዛሬ ያንተን ካጨድን ነገ የእኔን ታጭዳለህ።

የሚያሳዝነኝ ነገር ጊዜው ነው። በ1994 የተፈረመው ውል ሥራ ላይ የዋለው በማርች 2011 ነው። ስድስት አገሮች እስኪያጸድቁት ድረስ ከ16 ዓመት በላይ ሄደ። እስካሁንም በባሕሩ ዳር ያሉት ሁሉ አልገቡበትም። ዘይት ግን የፈረመና ያልፈረመ ዳርቻ አይለይም።

በሰሜን ባሕር ነገሩ ቀደም ብሎ ነው የጀመረው። ቶሪ ካንየን የተባለ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በ1967 ከተሰበረ በኋላ ጎረቤቶቹ በ1969 የቦን ስምምነትን ፈረሙ። ዛሬ አውሮፕላኖቻቸው ባሕሩን እየዞሩ ዘይት የለቀቀውን ይፈልጋሉ።

የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ታሪክ መራራ ነው። ስምንቱ ባለ ዳርቻ አገሮች በ1978 ኩዌት ላይ ስምምነት ፈረሙ፣ በ1982 ደግሞ ባሕሬን ላይ የአደጋ ጊዜ መረዳጃ ማዕከል ተከፈተ። ወረቀቱም ቢሮውም ነበር። በ1983 መጀመሪያ ኢራን ኖውሩዝ የተባለው የባሕር ነዳጅ መስክ ላይ አንድ መርከብ መድረክ ገጭቶ ዘይት መፍሰስ ጀመረ። ጊዜው የኢራንና የኢራቅ ጦርነት ነው። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ጉድጓዶች በጥቃት ተመቱ። ሁለቱ ተዋጊዎች የዚያው ስምምነት አባላት ነበሩ። የመጀመሪያው ጉድጓድ እስከ ሴፕቴምበር ሳይዘጋ ቆየ፣ ሌላው እስከ 1985 ደረሰ። እሪታው ተሰምቷል፤ የሚጠርገው ሰው ግን በጥይት መካከል መግባት አልቻለም። አገሮቹ ስለ ቁፋሮ ብክለት ለብቻው ፕሮቶኮል የጻፉት ከጦርነቱ በኋላ በ1989 ነው።

ማን ይከፍላል የሚለውን ጥያቄ ከሁሉ ግልጽ አድርጎ ያሳየው የሞንታራ ጉድጓድ ነው። ኦገስት 21 ቀን 2009 በአውስትራሊያ በኩል ባለው የቲሞር ባሕር ፈነዳ። 74 ቀን ፈሰሰ። ማዶ በኢንዶኔዥያ ዳርቻ ያሉ ደሃ ቤተሰቦች ኑሯቸው የባሕር አረም ነው። ችግኙን ገመድ ላይ አስረው ባሕር ውስጥ ያሳድጉታል፣ አድርቀው ይሸጡታል። አረማቸው ነጥቶ ሞተባቸው። ኩባንያው ጥፋቱ የእኔ ዘይት ስለ መሆኑ ማስረጃ የለም አለ። የአያ ጅቦና የአህያን ተረት አስታወሰኝ። ጅብ ከላይ ቆሞ እየጠጣ፣ ከታች ያለችውን አህያ ውኃውን አደፈረሽብኝ ይላታል፤ እሷም ሳታመኻኝ ብላኝ አለችው። እዚህ ግን ገበሬዎቹ ዝም ብለው አልተበሉም። ሁለቱን አገሮች የሚያስተሳስር የካሳ ውል ስላልነበረ አውስትራሊያ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2021 ፍርድ ቤቱ ዘይቱ ዳርቻቸው ደርሶ እርሻቸውን አጥፍቷል አለ። በ2022 ከ15,000 ለሚበልጡ ገበሬዎች 192.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊከፈል ስምምነት ተደረሰ። አሥራ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። በዚያ መሀል የተወለደ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ይደርሳል። ኢንዶኔዥያ ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ወስዳው ነበር። የተገኘው መልስ አገሮች በሁለትዮሽና በቀጣና ይስማሙ የሚል ሆነ።

ሥራው በተግባር ምን ይመስላል? አብዛኛው ከአደጋው በፊት የሚሠራ ነው። ተንሳፋፊ ማገጃ፣ ዘይት መቅፈፊያ፣ ዘይቱን አድቅቆ የሚበትን በታኝ ኬሚካል የቱ መጋዘን እንዳለ ይመዘገባል። በታኙን መርጨት የሚፈቀድበት ቦታ ቀድሞ ይወሰናል፤ ኮራልና ዓሣ የሚፈለፈልበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ጉዳቱ ሊብስ ይችላልና። የጎረቤት አገር ባለሙያ ያለ ቪዛ ጣጣ፣ መሣሪያው ያለ ጉምሩክ መጓተት እንዲገባ አሠራር ይበጃል። በየጊዜው ልምምድ ይደረጋል። ከ2010ሩ ፍንዳታ ወዲህ ደግሞ ፈንቅሎ የሚወጣ ጉድጓድ አፍ ላይ የሚደፉ ግዙፍ መክደኛዎች በኖርዌይ፣ በብራዚል፣ በደቡብ አፍሪካና በሲንጋፖር ተቀምጠዋል። የእኔ ግምት ማንኛውም ስምምነት ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል የሚል ነው። ጉምሩክ በር ላይ ሁለት ቀን የቆመ ማገጃ ዳርቻ አያድንም።

ወደ እኛ የሚቀርበው ቀይ ባሕር ነው። በ1982 ጅዳ ላይ የተፈረመው ስምምነት ከአደጋ ጊዜ የነዳጅ ፕሮቶኮል ጋር ወጣ። የሚያስተባብረው ድርጅት ፐርስጋ ይባላል፤ አባላቱ ጅቡቲ፣ ግብፅ፣ ዮርዳኖስ፣ ሳውዲ አረቢያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና የመን ናቸው። የአደጋ መረዳጃ ማዕከሉ ግብፅ ሁርጋዳ ላይ ነው። ረጅም ዳርቻ ያላት ኤርትራ አባል አይደለችም። ነዳጃችንን የምናስገባው በጅቡቲ ስለሆነ ወደ ጅቡቲ የሚያስገባው ውኃ ቢዘጋ ደብረ ብርሃን ማደያ ላይ ሰልፉ ይታያል።

በዚህ ባሕር ላይ በቅርቡ ያስጨነቀን የቁፋሮ ጉድጓድ ሳይሆን ሳፈር የተባለው ነዳጅ ማከማቻ መርከብ ነው። የመን ራስ ኢሳ አጠገብ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ይዞ ቆሞ ነበር። ከ2015 በኋላ በጦርነቱ ምክንያት ጥገናው ቆመ፣ ብረቱ ዛገ። ይፈነዳል ወይም ይሰነጠቃል እየተባለ ዓመታት አለፉ። የተባበሩት መንግሥታት ከመንግሥታት፣ ከኩባንያዎች፣ ከተራ ሰዎች ሳይቀር መዋጮ ሰበሰበ። በመጨረሻ ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 11 ቀን 2023 ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ ተገለበጠ። መገልበጡ 18 ቀን ወሰደ፤ ገንዘቡን ማሰባሰቡ ከአንድ ዓመት በላይ።