የብረታ ብረት ናኖ ቅንጣቶችና ራሱን የሚበላው የካንሰር ሴል

ሴል ሲርበው ራሱን ይበላል። ያረጁና የተበላሹ ክፍሎቹን በስስ ከረጢት ይጠቀልላል። ከረጢቱ ላይሶዞም ከሚባለው አሲዳማ ክፍል ጋር ሲዋሃድ የያዘው ሁሉ ይፈጫል፤ ከዚያ የሚገኘው ለአዲስ ግንባታ ይውላል። ለዚህ ሂደት ኦቶፋጂ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣለት ቤልጅየማዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ነው። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ደግሞ ሂደቱን የሚመሩትን ጂኖች በእርሾ ላይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማት ወስዷል።

ካንሰር ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። መጀመሪያ ኦቶፋጂ ጤነኛውን ሴል ከብልሽት ይጠብቃል። ዕጢው ካደገ በኋላ ግን ወገን ይቀይራል። ምግብና ኦክስጅን ያጠረው የካንሰር ሴል በዚሁ ዘዴ ነፍሱን ያቆያል፤ ኬሞቴራፒውንም ይቋቋምበታል።

ይህን የካንሰር ሴል ዘዴ ለማስተጓጎል የሚታሰቡት ናኖ ቅንጣቶች የሚመጡት እዚህ ጋ ነው። መጠናቸው ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ነው። ሴሉ ሲውጣቸው ብዙዎቹ ላይሶዞም ውስጥ ያርፋሉ። ወርቅ እዚያ ሲጠራቀም አሲዱን ያዳክማል፤ መፍጨቱም ይስተጓጎላል። ዚንክ ኦክሳይድ በአሲዱ ሟሙቶ መርዛማ አዮኖች (ኤሌክትሪክ የተሞሉ የዚንክ አቶሞች) ይለቃል። ብር ደግሞ አስቸጋሪ ነው፦ ሴሉን እየጎዳ ኦቶፋጂን ይቀሰቅሳል፣ ሴሉም በዚያው ራሱን ሊከላከል ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልኬቱ ላይ ነው። ተመራማሪዎች በኦቶፋጂ ከረጢቶች ላይ የሚለጠፈውን ኤልሲ3 የተባለ ፕሮቲን አረንጓዴ እንዲያበራ አድርገው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ነጠብጣቦቹ ሲበዙ "ኦቶፋጂ ጨመረ" ማለት ይቀናል። ግን ደጃፍ ላይ ቆሻሻ የተከመረው ብዙ ስለተጣለ ነው ወይስ የሚያነሳው መኪና ስለቀረ? ለመለየት ላይሶዞሙን ክሎሮኪን በተባለ መድኃኒት ይዘጉታል። ኤልሲ3 ከበፊቱ ይበልጥ ከጨመረ ሂደቱ እየሠራ ነበር ማለት ነው። ካልጨመረ ቀድሞውኑ ተዘግቷል። ይህን ፈተና የዘለለ ጥናት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አያሳምነኝም።

ሆስፒታል ድረስ የዘለቀው ገና ጥቂት ነው። የወባ መድኃኒቱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ኦቶፋጂን እንዲያግድ ከኬሞቴራፒ ጋር በሰው ላይ ተሞክሯል። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2019 የሃፍኒየም ኦክሳይድ (የብረታ ብረት ውህድ) ቅንጣቶችን ለአንድ ዓይነት ሳርኮማ፣ ማለትም ለለስላሳ የሰውነት ክፍሎች ካንሰር፣ ፈቅዳለች፤ እነሱ ግን ዕጢው ውስጥ ተወግተው የሚያግዙት የጨረር ሕክምናውን ነው። በኦቶፋጂ በኩል ያለው ሥራ በአብዛኛው ሴልና አይጥ ላይ ነው። በደም የገቡ ቅንጣቶችን ደግሞ ጉበትና ጣፊያ ቀድመው ይለቅሟቸዋል። ወርቅ በቀላሉ አይወገድም፤ የጉበት ሴሎችም ጤነኛ ሆነው ለመቆየት ያው ኦቶፋጂ ያስፈልጋቸዋል።