ዕድር በባሕር ዳር፦ የኮሮናው ዘመን ድጋፍና የሐዘን ንግግር

ዕድር በባሕር ዳርም እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ከተማ ሁሉ መጀመሪያ የቀብር ማኅበር ነው። አባላቱ በየወሩ መዋጮ ይከፍላሉ። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ሳህን ያወጣል፣ በደንቡ የተወሰነውን ገንዘብ ለሐዘንተኛው ቤት ይሰጣል። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ አለው፤ ጥሩምባ ነፊም አለው። የሰፈር ዕድር አለ፣ የመሥሪያ ቤት ዕድር አለ፣ የሴቶች ዕድር አለ፤ አንድ ቤተሰብ በሁለት በሦስቱ መታቀፉ የተለመደ ነው። ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ቅጣቱ በገንዘብ ሲታይ ኢምንት ነው፤ የዕድር ምሥጢር ግን እዚሁ ላይ ነው። መዋጮውን የከፈለ ሰው ግዴታውን ጨረሰ አይባልም። መምጣት፣ መቀመጥ፣ ከሐዘንተኛው ጋር ንፍሮ መቆርጠም አለበት።

ገጠሩ ለእርሻው ወንፈልና ደቦ፣ ለነፍሱ ማኅበርና ሰንበቴ ሲኖረው፣ ዕድር በተለይ በከተማ የጠነከረ ተቋም ነው። መስፋፋቱን ብዙዎች ከጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ከመጣው የከተማ ፍልሰት ጋር ያያይዙታል። ባሕር ዳር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ፖሊ ቴክኒኩና የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ሁሉም በ1950ዎቹ የተሠሩ ናቸው፤ ሥራ ፍለጋና ትምህርት ፍለጋ ከጎጃሙም ከጎንደሩም ሰው ጎረፈ። ከወንድም ከእህቱ ርቆ በተከራያት ክፍል የሚኖር ሰው ቢሞት ማን ይቀብረዋል? መልሱ ዕድር ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ወሩ ሳያልቅ በሽታው አማራ ክልል ገባ፤ ከመጋቢት 22 ጀምሮ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ እንዲያቆሙ ተደረገ። ባጃጁ ቆመ፣ ሚኒባሱ ቆመ፣ ወደ ዘጌና ወደ ጣና ሐይቅ ደሴቶች ገዳማት ጎብኚ የሚያመላልሰው ጀልባ ከዳር ታሰረ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ በሐይቁ ዳር ደግሞ የጾም ወራት ዓሣ የሚፈለግበት ወቅት ነው። ዓሣ አጥማጁ፣ ጠባሹ፣ በታንኳ እንጨት የሚያመጣው፣ በጀበና ቡና የምታድረው፣ አስጎብኚው፣ ሊስትሮው ሁሉም የቀን ገቢያቸውን ያጡት በአንድ ሳምንት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሕግና የገንዘብ ጉዳይ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጣ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚያዝያ 2 ለአምስት ወር አጸደቀው። በአዋጁና በማስፈጸሚያ ደንቡ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ፣ መጨባበጥ ተከለከለ። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ታዘዘ። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። በሚያዝያ ደግሞ የቆየ የግብር ዕዳ ተሰረዘ፣ ከ2008 እስከ 2011 ለነበረው ውዝፍ ወለድና ቅጣቱ ተነሣ፤ ሥራ አቁመው የሠራተኛ ደመወዝ መክፈል ላልተዉ ድርጅቶችም የአራት ወር የደመወዝ ግብር ተተወላቸው።

በወቅቱ እነዚህ ርምጃዎች በሸንጎም በቴሌቪዥንም ብዙ ንግግር ተደርጎባቸዋል። ሆኖም ልብ ብሎ ላየው ሁሉም የሚናገሩት ፋይል ላለው ሰው ነው፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ላለው፣ የባንክ ብድር ላለው፣ በውል ለተቀጠረ። ከጥቂት ባለሆቴሎች በስተቀር የሐይቁ ዳር ሰው በአብዛኛው ከእነዚህ አንዱም የለውም። ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራው የነገደ ወይጦ ሰው የሚሰረዝለት ምን የግብር ዕዳ አለው? ለከተማ ድሆች የተዘጋጀው የልማታዊ ሴፍቲ ኔት ፕሮጀክትም በ2009 ሲጀመር በ11 ከተሞች ብቻ ነበር፤ ከአማራ ክልል የታቀፈችው ደሴ እንጂ ባሕር ዳር አልነበረችም። ወረርሽኙ ሲመጣ በዚህ መንገድ ድጎማ የሚደርሳቸው ሰዎች ዝርዝር በከተማዋ አልነበረም ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ ለድሃው የቀረበው የኪራይ ድንጋጌው ነበር ብል አላጋነንኩም፤ ያውም ሸክሙን ያስቀመጠው በአከራዩ ትከሻ ላይ ነው። አከራዩ ብዙ ጊዜ ጡረተኛ ወይም በግቢዋ ካሉ ሁለት ክፍሎች የምትተዳደር እናት ናት።

ክፍተቱን የሞላው ሰፈሩ ነው። ማዕድ ማጋራት የሚለው ቃል በዚያ ሰሞን ከየአፉ አይጠፋም ነበር፤ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ስለዋለ ዱቄት፣ ዘይትና ሽንኩርት መሰብሰቡ ከበዓሉ ጋር ገጠመ። ማን ቸገረው፣ ማን ደካማ ነው፣ የማን ልጅ ዐረብ አገር ሆና ገንዘብ መላክ አቆመች የሚለውን ከዕድር የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። የዕድሩ መዝገብ እያንዳንዱን ቤት በስም ይዟል። መዋጮውን ያቋረጠው ማን እንደሆነ የሚያውቀው ገንዘብ ያዡ ስለሆነ፣ ችግር የት ቤት እንደገባ አስቀድሞ የሚታየው ለእርሱ ነው። ችግሩ የዕድር ገንዘብ በደንብ የታሰረ መሆኑ ነው፤ ለሞት የተዋጣ ገንዘብ ለሕያው ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ ደንብ ማሻሻል ደግሞ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለበት ጊዜ አይቻልም። መዋጮ ማራዘም፣ ቅጣት መተው፣ ከኪስ አውጥቶ መርዳት ግን ጉባኤ አይጠይቅም።

አዋጁ ዕድርን የነካው በዋና ሥራው ነው። ድንኳን ቀረ፣ ለቅሶ መድረስ ቀረ፣ ቀብር በጥቂት ሰው እንዲፈጸም ሆነ። ከዓመት በፊት ከተማዋ ያየችው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሰኔ 15 ቀን 2011 የተገደሉትን የክልሉን ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንንና ባልደረቦቻቸውን ባሕር ዳር የሸኘችው ነቅላ ወጥታ ነበር። በዚያ ሰሞን የተሰሙት የሐዘን ንግግሮች የባለሥልጣን ንግግር ወግ ያላቸው ነበሩ፤ የሟቹን የሥራ ኃላፊነቶች በቅደም ተከተል ይዘረዝራሉ፣ አገር አጣች ይላሉ፣ ለቤተሰቡ መጽናናትን ይመኛሉ።

የሰፈሩ ሰው የሐዘን ንግግር ሌላ ነው። የሕይወት ታሪክ ይባላል፤ በወረቀት ተጽፎ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከቀብሩ በፊት ይነበባል። አከፋፈቱን የማያውቅ የለም፦ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው ጎጃም ክፍለ ሀገር ተወለዱ።» ቀጥሎ ፊደል የቆጠሩበት ደብር፣ የተማሩበት ትምህርት ቤት፣ የሠሩበት ፋብሪካ ወይም መሥሪያ ቤት፣ የወለዷቸው ልጆችና ያዩዋቸው የልጅ ልጆች ቁጥር ይመጣል። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የሚለው ሐረግ ደግሞ ሁሉን ይሸፍናል፤ ስሙ የማይጠራ በሽታ ሁሉ በዚያች ሐረግ ሥር ያልፋል። በደብሩም በሰፈሩም ያልተሾመ፣ ስሙ በጋዜጣ ያልወጣ ሰው በሕዝብ ፊት በሙሉ ስሙ ከነታሪኩ የሚነሣው በዕድሜው አንዴ፣ በዚህች ወረቀት ነው። በገጠሩ አስለቃሽ በሙሾዋ የምትሠራውን በከተማው ወረቀቱ ይሠራል፤ እንደ ሙሾው ባያስለቅስም። ሙስሊሙ ጎረቤት ሟቹን ቶሎ ስለሚቀብር ይህ ንባብ የለውም፤ በወረርሽኙ እርሱ ያጣው በሰላተል ጀናዛው፣ በቀብር ጸሎቱ፣ ላይ ተደርድሮ የሚቆመውን ሰው ብዛት ነው።

በወረርሽኙ ወራት ወረቀቱ ሊጻፍ ይችል ነበር፤ የሚሰማው ሰው ግን ጥቂት ነበር።

የክልሉ ምክር ቤት መቀመጫው ባሕር ዳር ነው፤ 294 ወንበር አለው። የሸንጎ ሰው ሥራው ንግግር ነው፤ አንድ ቀን በጀት ያጸድቃል፣ ሌላ ቀን ለሞቱት ተነሥቶ የኅሊና ጸሎት ያደርጋል። ሁለቱ እንደማይገናኙ ተደርገው ነው የሚታዩት። የዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን አንድ መሆናቸውን ያውቃል። በብዙ ዕድሮች ጉባኤው የሚከፈተው በዓመቱ ላረፉት አባላት በመቆም ነው፤ ሰው ቁጭ ሲል ገንዘብ ያዡ ተነሥቶ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ ይላል። የሞቱት ስምና የወጣው ገንዘብ አንድ መዝገብ ላይ ነው ያሉት። ሒሳቡ ካልገጠመ የሚጠይቀውም ቀብሩ ላይ አብሮ የቆመው ጎረቤት ነው።

የአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ በ2012 መጨረሻ አበቃ፤ በ2013 መጀመሪያ መመሪያ ቁጥር 30 ጭምብልንና ርቀትን አዝዞ መሰብሰብን መልሶ ፈቀደ። ድንኳኖቹ ከየመጋዘኑ ወጡ። የኦርቶዶክሱ ልማድ ሟቹን አንድ ቀን ብቻ አያስበውም፤ ሠልስት አለው፣ አርባ አለው፣ ሰማንያ አለው፣ ሙት ዓመት አለው። በሚያዝያ 2012 በጥቂት ሰው የተቀበረ ሰው ሙት ዓመቱ የዋለው ሚያዝያ 2013 ላይ ነበር፤ እንዲህ ላለው ቀን ጠላው ይጠመቃል፣ ካህናቱ ይጠራሉ፣ ወንበሩም ከዕድር ይመጣል።