ሮማን ፖርኖ ምንድን ነው?

ከወሲብ ፊልም ታሪክ የሚጠብቅ ሰው ብዙ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ግን ኒካትሱ የተባለ አንጋፋ ስቱዲዮ ሁለቱን አጋብቶ 17 ዓመት ያህል ሠርቶበታል። እነዚህ ፊልሞች ናቸው ሮማን ፖርኖ የሚባሉት።

ኒካትሱ የተመሠረተው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። በ1960ዎቹ ማብቂያ ቴሌቪዥን ተመልካቹን ነጠቀውና ሊከስር ደረሰ። ያኔ ትንንሽ ድርጅቶች ፒንክ ፊልም የሚባሉ ርካሽ የወሲብ ፊልሞችን ለሲኒማ ቤት እያቀረቡ ገንዘብ ያገኙ ነበር። ኒካትሱም በኖቬምበር 1971 እዚያው ገበያ ገባ።

ለዳይሬክተሮቹ የተሰጣቸው መመሪያ አጭር ነበር። ርዝመቱ 70 ደቂቃ ገደማ፣ በጀቱ ትንሽ፣ በየ10 ደቂቃው አንድ የወሲብ ትዕይንት። ይሄ ከተሟላ ሌላው እንደ ፍላጎታቸው ነው። ካሜራውን የሚይዙት፣ መብራቱንና ዲኮሩን የሚሠሩት ደግሞ ከዚያ በፊት መደበኛ ፊልሞችን ሲሠሩ የኖሩ የስቱዲዮው ባለሙያዎች ናቸው። ታትሱሚ ኩማሺሮን የመሰሉ ዳይሬክተሮች የሴተኛ አዳሪዎችን ኑሮና ተስፋ የቆረጠውን ወጣት በዚህ መንገድ አሳይተዋል።

እንደኔ ታሪኩን ያዳበረው ነፃነቱ ብቻ ሳይሆን ክልከላውም ነው። በጃፓን ብልትን ማሳየት አይፈቀድም። ስለዚህ ካሜራው ፊት የአበባ ማስቀመጫ ወይም መብራት ይደረጋል፤ አለዚያም ብርድ ልብስ ይጋርዳል። ሰውነቱ ሲሸፈን የተዋናዩ ፊትና ንግግሩ ብዙ መሸከም ነበረባቸው። ያም ሆኖ ፖሊስ በ1972 ከኒካትሱ ፊልሞች የተወሰኑትን ወረሰ። በብልግና የቀረበው ክስ ተጎትቶ በ1980 በተከሳሾቹ በነፃ መሰናበት አለቀ።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ከነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ አስገድዶ መድፈርን የፍቅር መነሻ አድርገው ይተርካሉ። ታሪክ አላቸው ማለት ታሪኩ ሴቷን ያከብራል ማለት አይደለም። የአቀራረጹ ጥበብ ይሄንን አያጥብም።

በ1980ዎቹ የቤት ቪዲዮ መጣ። ታሪክ የማያስፈልገው፣ ቶሎ የሚሠራ ካሴት ገበያውን ወሰደው። ኒካትሱ በ1988 ሮማን ፖርኖ መሥራት አቆመ። እስከዚያ ድረስ ግን ለወጣት ፊልም ሠሪዎች እንደ ትምህርት ቤት ሆኖ አገልግሏል፤ በ1998 በወጣው «ሪንግ» አስፈሪ ፊልም የታወቀው ሂዴኦ ናካታ ሥራ የጀመረው እዚያው በረዳት ዳይሬክተርነት ነው። በ2016 ኒካትሱ የ10 ደቂቃውን ደንብ እንደያዘ ሮማን ፖርኖን ዳግም ሲያስነሳ፣ ከጠራቸው 5 ዳይሬክተሮች አንዱ ናካታ ነበር። ከ5ቱ መካከል አንዲትም ሴት አልነበረችም።